ብቻዬን የሰማሁት መርዶ

መርዶ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በአገራችን ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመዱ እንደ ወረደ አይነገርም። መጀመሪያ ይደበቃል። ከዚያ ሰው በዝግታ ይሰበሰባል። ከዚያ ማለዳ ላይ ጎረቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ ሁለት ጠንካራ ሴቶች ሐዘንተኛዋን ግራና ቀኝ ሊይዟት ተዘጋጅተው ይነገራታል። ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ነገር ነው፤ ማንም ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ። እኔ ግን የወንድሜን ሞት ብቻዬን ሰማሁ፤ ያውም ሥራ ላይ ሆኜ፣ ያውም መስመሩን በገዛ እጄ አገናኝቼ። ከዚያም ቀኑን ሙሉ እንዳልሰማ ሰው ሆኜ ዋልኩ። የማጫውታችሁ ያንን ቀን ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። የሰሜኑ ጦርነት በየቤቱ ገብቶ ወንድ ልጅ እየመረጠ የሚወስድበት ጊዜ ነበር። እኔ ዝዋይ ከተማ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበርኩ። ያኔ ዝዋይ ላይ ስልክ የሚያወራ ሰው ሁሉ በእኛ እጅ ያልፋል፤ ገመዱን ሰሌዳው ላይ ሰክተን እናገናኛለን፣ ሲጨርሱ እንነቅላለን። መስመር ጠፍቶበት የሚሳደብ ነጋዴ፣ ልጇ ታሞባት የምትጮህ እናት፣ የሚቆጣ ካድሬ፣ ለሁሉም የማወጣው ድምፅ አንድ ነበር። «ይቆዩ፣ አሁን አገናኝዎታለሁ» ስላቸው ቀዝቀዝ ይላሉ። አለቃዬ «እንደ ሮማን ሁኑ» እያለ በዚህ ይኮራብኝ ነበር። እኔም ራሴን ጨዋ ሠራተኛ አድርጌ አየው ነበር እንጂ ሌላ ትርጉም አልሰጠሁትም።

እናቴ የምትኖረው ናዝሬት ነው። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። በር ላይ ትንሽ ሱቅ ነበራት፤ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ጨው የመሳሰለውን ትሸጣለች። ልቧ ደካማ ስለነበር ሐኪም «ድንጋጤ እንዳይነካት» ብሎ አስጠንቅቆናል። ታናሽ ወንድሜ ታምሩ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር። ለእናቴ ያለናት እኛ ሁለታችን ነን።

ያን ቀን ጠዋት ተራዬ አልነበረም። ባልደረባዬን ወባ ጥሏት ተተክቼላት ነው የገባሁት። የእናቴ ታናሽ ወንድም አጎቴ ንጉሤ ደግሞ ተራዬን ያውቃል። እኔ እቤት የምሆንበትን ሰዓት መርጦ፣ ሰሌዳው ላይ ሌላ ሰው ይኖራል ብሎ ነው የደወለው። ሁሉን ነገር አስቦ የሌላ ሰው ወባ አመለጠው።

የናዝሬቷ ኦፕሬተር «ዝዋይ፣ የሐጂን ሱቅ ስጪኝ» አለችኝ። የሐጂ ሱቅ ከተከራየሁበት ግቢ አጠገብ ነው፤ ሰፈራችን ሁሉ እዚያ ነው የሚደወልለት። ሰጠኋት። መገናኘታቸውን ለማረጋገጥ ጥቂት ማዳመጥ የሥራችን ደንብ ነው። መጀመሪያ ሐጂ አነሱ፤ ትንሽ ቆይቶ የአከራዬ የጋሽ በዳሳ ድምፅ መጣ።

«ጋሽ በዳሳ፣ ንጉሤ ነኝ ከናዝሬት። አጠገብዎ ሰው አለ?»

«የለም። ምነው?»

«ታምሩ አርፏል።»

«ኧረ አትበል!»

«አብሮት የነበረ ልጅ ቆስሎ መጥቶ ነው የነገረኝ። እርግጥ ነው። ለሮማን እንዳይነግሯት። የእህቴን ልብ ያውቁታል፤ ልጇ ከጎኗ ሳትሆን አይነገራትም። ዛሬውኑ ይዘውልኝ ይምጡ፤ ነገ ማለዳ እናረዳታለን።»

«ምን ብዬ ላምጣት?»

«እኔ እንጃ ጋሽ በዳሳ። የሆነ ምክንያት ይፈልጉ።»

ስልኩ ተዘጋ። ገመዱን ነቀልኩ። የናዝሬቷ ልጅ፣ መልኳን አይቼ የማላውቃት ግን በድምፅ የተወዳጀኋት፣ «ዝዋይ፣ ጨርሰዋል?» አለችኝ።

«ጨርሰዋል።»

«ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ጉንፋን ነው።»

ሌላ መብራት በራ፤ ሰካሁ። «ይቆዩ፣ አሁን አገናኝዎታለሁ።» እጄ ብቻውን ሥራውን ይሠራል። ጮኼ ብነሳስ? አሰብኩት። መስማቴን ካወቁ እናቴ ቤት አያስገቡኝም፤ አጎቴ ቤት ያሳድሩኛል፤ እማዬ ያችን ሌሊት ብቻዋን ታድራለች። መንገድ ላይ ባለቅስስ? አውቶቡሱ በናዝሬት ሰው የተሞላ ነው። ወሬው ቀድሞኝ ሱቋ ይደርስና አንዱ ሳሙና እየገዛ «ነፍስ ይማር እትዬ አስናቀች» ይላታል። ይህ ይገድላታል ብዬ አመንኩ። ስለዚህ እስከ ነገ ማለዳ አልሰማሁም አልኩ። ውሳኔው እንዲህ በቀላሉ ነበር የመጣው፤ ጀግንነት አይደለም፣ ምንም ነገር ስላልተሰማኝ ነው።

እቤት ስደርስ ጋሽ በዳሳ በዚያ በዝዋይ ሙቀት ኮት ለብሰው በረንዳ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሽማግሌ፣ ተጫዋች፣ ውሸት የማያውቁ ሰው።

«አካም ኢንታላ ኮ፣ ልጄ! እኔ ናዝሬት ጉዳይ አለኝ» አሉኝ፣ ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ።

«የምን ጉዳይ ጋሽ በዳሳ?»

«አዝራር። የኮት አዝራር ጠፋ፣ ዝዋይ ውስጥ የለም።»

ከኋላቸው መስኮቱ ላይ በአዝራር የተሞላ ጣሳ ተቀምጧል። ሁለታችንም አየነው።

«አንቺም እናትሽን ካየሻት ሰነበትሽ። አብረን እንሂድ።»

«ፈቃድ ሳልጠይቅ?»

«ጠይቄልሻለሁ» አሉና ደነገጡ። «ማለቴ… አለቃሽን መንገድ ላይ አገኘሁት።»

ምንም ሳልጠይቅ ብቀር ይነቁብኛል፤ ብዙ ብጠይቅ ደግሞ ሰውየው እፊቴ ሊፈርሱ ነው። ስለዚህ ደህና ሰው የሚጠይቀውን ያህል ብቻ ጠየቅሁ። ሚስታቸው እትዬ ጫልቱ ዳቦ ቋጥረው ዘንቢል ውስጥ ሲያስቀምጡልኝ ከዳቦው ሥር ጥቁር ነጠላ አጥፈው ሲሸጉጡ አየሁ። የኔ ነው፤ ለነገ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ጫማዬን አሰርኩ፤ ተመችቷቸው ይሸጉጡት ብዬ።

አውቶቡሱ ውስጥ የእናቴ እድር አባል የሆኑ አንዲት ሴት ነበሩ። ገና ሲያዩኝ አቀፉኝ፤ እቅፉ ከልኩ በላይ ረዘመ። «አይዞሽ የኔ ልጅ» አሉኝ፣ ዓይናቸው ውሃ እያቀረረ። መስማታቸው ገባኝ። ጋሽ በዳሳ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው አውቶቡሱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ጥርሷን አሟት ነው!» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብትስቁ አልቀየማችሁም። ተሳፋሪው ሁሉ የጥርስ ሐኪም ሆነ። አንዱ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዷ ጤና አዳም፣ ሹፌሩ ሳይቀር አረቄ አጉመጥምጪ አለኝ። አንዲት እናት ከመቀነታቸው ቅርንፉድ ፈትተው ሰጡኝ፤ እያዩኝ ስለነበር ነከስኩት። እስከ ሞጆ ድረስ አኘክሁት። እውነትም ጥርሷን ልትነቀል ድዷን እንደተወጋች ሰው ነበርኩ፤ ነክሰው ቢያደሙኝ የሚሰማኝ አይመስለኝም።

መቂ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ሻጮች ቲማቲምና ሽንኩርት ይዘው መስኮቱን ከበቡት። ጋሽ በዳሳ ወረዱ። ሽንኩርት ከሚጭን መኪና ጀርባ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ፤ ትከሻቸው ይርገበገባል፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ይጠርጉበታል። እኔ ቶሎ ብዬ ወደ ሌላኛው መስኮት ዞርኩ፤ ሲመለሱ እንዳየኋቸው እንዳያውቁ። አንድ ፌስታል ቲማቲም ይዘው ገቡ።

«ሽንኩርቱ ዓይኔን አቃጠለኝ» አሉኝ።

«የመቂ ሽንኩርት ኃይለኛ ነው ጋሽ በዳሳ» አልኳቸው።

ከዚያ ቀልድ ይነግሩኝ ጀመር። የለበሰውን ሱሪ እንደለበሰው ስፉልኝ ብሎ ስለመጣ ደንበኛቸው፤ ከዚህ በፊት ደጋግመው የነገሩኝን። ሳቅሁላቸው። እኔ ስስቅ እሳቸው ትንፋሽ ያገኛሉ፤ ሳቄን ሳቆም ፊታቸው ይጠቁራል። ስለዚህ እስከ ቆቃ ሳቅሁ፤ ከቆቃም ወዲያ ሳቅሁ። ሰውየው እኔን ሊያጽናኑ ተልከው እኔ እሳቸውን ሳጽናና ናዝሬት ገባን። እንዴት እወዳቸው ነበር!

እማዬ ስታየኝ እልል አለች። ሱቋ በር ላይ ነበረች፤ ገና አልመሸም። ጋሽ በዳሳ «አዝራር፣ አዝራር» እያሉ ወደ አጎቴ ቤት ሸሹ።

ያን ምሽት የጎረቤት ሴቶች ተራ በተራ መጡ። ሊያረዷት አይደለም፤ እንዴት እንደሆነች ሊያዩ ነው። ባዶ እጅ መግባት ስለሚያስጠረጥር ሁሉም የሆነ ነገር ይገዛሉ። አንዷ ክብሪት፣ አንዷ ጨው፣ አንዷ ጠዋት የገዛችውን ሳሙና ደግማ። እያንዳንዷ እኔን በዓይኗ ጠቀስ አድርጋ ትወጣለች። እማዬ ግን ደስታዋ ወሰን አጣ።

«አንቺ ገደኛ ነሽ ሮማንዬ! እግርሽ ሲገባ ሱቄ እንዲህ ተሸጠ።»

እራት ሠራች። በላሁ፤ አለመብላት አይቻልማ። «ታምሩ ሲመጣ ይህን ክፍል ቀለም እናስቀባለን» አለች። «ሰማያዊ ይወዳል።» እሺ አልኳት። «ጉንጩ ሞልቶ ነው የሚመጣው፣ ጦር ሜዳ ሥጋ አይጠፋም ይላሉ» አለች። እሱንም እሺ አልኩ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «ምነው ዝም አልሽ?» ስትለኝ ነው የጀመርኩት። በስልክ የማገናኛቸውን ሰዎች ድምፅ እያስመሰልኩ አወራሁላት። ስልኩን በርቀት ይዞ «ሃሎ! ሃሎ! ማነህ አንተ?» እያለ ራሱን የሚሰድበውን የመቂ ነጋዴ፣ ባሏን በስልክ የምታስምለውን ሴት። እማዬ ደረቷን ይዛ ሳቀች። «ኧረ ልቤን! ልትገድይኝ ነው!» እያለች በእንባዋ ታጠበች። አጠገቧ ተኛሁ። ሳቋ እየተቋረጠ፣ እንደገና እያገረሸ እንቅልፍ ወሰዳት።

ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩት። አጎቴ ከፊት፣ የእድሩ ሽማግሌዎች ከኋላው፣ ከዚያ ሴቶቹ፣ ግቢው ሞልቶ። እማዬ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አኳኋን የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። እነሱን አላየችም፤ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ፊቴን አተኩራ አየችው። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞራ «ልጄ ነው?» አለችው።

«ታምሩ አርፏል እህቴ» አላት።

ጩኸቷን አልጽፈውም። ሴቶቹ ያዟት፤ ውሃ ረጯት፤ ልቧ አልተሰነጠቀም። ሁለት ሴቶች እኔንም ግራና ቀኝ ያዙኝ፣ ስወድቅ ሊደግፉኝ። አልወደቅሁም። ትንሽ እንደቆዩ የማይወድቅ ሰው ይዘው መቆማቸው አሳፈራቸውና ቀስ ብለው ለቀቁኝ።

ድንኳን ተጣለ። የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ «ለጀግና አይለቀስም» የሚል ንግግር አደረገ፤ ሴቶቹ ጨርሶ እስኪወጣ ጠብቀው ካቆሙበት ቀጠሉ። ጋሽ በዳሳ ከዘመድ በላይ ስላለቀሱ «እኚህ ሽማግሌ የማን ወገን ናቸው?» ይባል ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ደረቀ። የታምሩን ፎቶ ፊቴ አስቀመጡልኝ፤ «አልቅሺ የኔ እናት፣ ይውጣልሽ» እያሉ ጀርባዬን ደበደቡኝ፤ ስሙን እየጠሩ ሙሾ አወረዱልኝ። ሊረዱኝ እንደፈለጉ ይገባኝ ነበር፤ ግን ልቅሶው እንደ ስልኩ ጥሪ ሁሉ በእኔ በኩል አልፎ ወደ ሌላ ሰው የሚሄድ ነገር ነበር የመሰለኝ። በኋላ በኋላ «ደረቅ ናት» የሚለው ሹክሹክታ ጆሮዬ ገባ።

ከአርባው በኋላ እኔና እማዬ ብቻችንን ስንሆን «መቼ ነው የሰማሽው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ያን ማለዳ ፊትሽን አይቼዋለሁ። አልደነገጥሽም።»

ነገርኳት። ከስልኩ ጀምሮ ሁሉንም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር።

«ስቄ አደርኩ» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «ልጄ ሞቶ እኔ ጠግቤ በልቼ፣ በመቂ ነጋዴ ስቄ አደርኩ። አንቺ ነሽ ያሳቅሽኝ።»

«ለልብሽ ብዬ ነው እማዬ…»

«ልቤ የራሴ ነው! ቢሰነጠቅስ? በልጄ ይሰነጠቅ! ማን ጠብቂልኝ አለሽ?»

አቀረቀርኩ። «ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጊኝ» አለች። «ከእንግዲህ የሰማሽውን እንደሰማሽ ንገሪኝ። ማይልኝ።» ማልኩላት። ከዚያን ቀን በኋላ ሳትጣላኝ፣ ሳትረግመኝ፣ ክብሪት ሊገዛ እንደመጣ ደንበኛ በጨዋነት ታናግረኝ ጀመር። ከስድብ ሁሉ የከፋው ያ ነበር።

ወደ ዝዋይ ተመለስኩ። ሰሌዳው ላይ «ይቆዩ፣ አሁን አገናኝዎታለሁ» ማለት አቃተኝ፤ ድምፄ ይወጣል፣ ግን ስሰማው ያስጠላኛል። አለቃዬን ለምኜ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወርኩ። ጨዋነት ያልኩት ነገር ምን እንደሆነ መጠየቅ የጀመርኩት ያኔ ነው። የሰውን ንዴት ሳበርድ፣ የሰውን ድንጋጤ ስሸከም ኖሬ፣ ወንድሜ ሲሞት የገዛ ሐዘኔን የት እንዳስቀመጥኩት አጣሁት።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ፤ ግማሹ እናቴን ይደግፋል፣ ግማሹ እኔን። እኔ ራሴ ዛሬም አልወሰንኩም። መርዶን አላወግዝም፤ ነገ የጎረቤቴ ሰው ቢሞት ማለዳ በሯ ላይ ከሚቆሙት አንዷ እኔ ነኝ። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ሰው «አይዞሽ፣ ምንም የለም» ሲለኝ ማመን ተውኩ፤ እኔም ምንም የለም ማለትን ተውኩ። ይህ ባሕርዬ ብዙ ወዳጅ አሳጥቶኛል። ያተረፈልኝን ደግሞ ልንገራችሁና ላብቃ።

ጥቂት ዓመታት አለፉ፤ ደርግ ገና አልወደቀም። እማዬ ታማ ናዝሬት ሐኪም ቤት ተኛች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶኝ ልቧ እንደማይድን፣ ብዙ እንደማትቆይ ነገረኝ። ኮሪደሩ ላይ አጎቴን አገኘሁት። «እንዳትነግሪያት! ጠበል እንወስድሻለን እንላታለን» አለኝ። አልፌው ገባሁ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሐኪሙ ያለኝን ሳልቀንስ ሳልጨምር ነገርኳት።

ዓይኗን ከኮርኒሱ አላነሳችም። አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ይዟል። የምትጮህ፣ የምትቆጣ፣ የምትጸልይ መስሎኝ ጠበቅሁ።

«ሐኪሙ ሲነግርሽ ማን አብሮሽ ነበር?» አለችኝ።

«ማንም።»

ወደ እኔ ዞረች። «ያኔስ? የታምሩን ስትሰሚ?»

ያን ሁሉ ዓመት ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እሷም አልጠየቀችኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

«ያኔም ማንም አልነበረም እማዬ።»

«ወይኔ ልጄን» አለች። በዚያ ድካሟ በክንዷ ተደግፋ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለችና ቦታ ለቀቀችልኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ አጠገቧ ተጋደምኩ። እጇን አንገቴ ሥር አስገባች። ከዚያ መጣ፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ስሙን እየጠራሁ፣ እየጮህኩ፣ ልብሷን እየነከስኩ አለቀስኩ። ነርሷ ደንግጣ እየሮጠች ገባች።

«ምን ሆነች? ኧረ በሽተኛ አለ፣ ዝም አሰኟት!»

«ተያት» አለቻት እናቴ፣ ጀርባዬን እያሻሸች። «ወንድሟ ሞቶባት ነው።»